ስፌት የሌለው ተራራ

የሶንግ ነገሥታት በቢየንጂንግ ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን፣ ወደ ቺንግዦው ከተማ መጥቶ በሰሜኑ በር አጠገብ ባለው የሸማኔዎች ሰፈር ስለ ሩይኒያንግ የጠየቀ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ያገኝ ነበር። ግማሹ ሰው «እሷን የመሰለ ሐር ሠሪ የለም» ይለዋል። የቀረው ደግሞ «ውይ፣ ያቺ አፍንጫዋ ሰማይ የነካ?» ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ሩይኒያንግ ኩሩ ነበረች፤ ኩራቷንም ለበዓል ብቻ ሳይሆን በአዘቦቱም ትለብሰው ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲሽኮረመም ማየት ያሰለቸኛል።

አንድ ባለጸጋ አዲስ የተራራ ሥዕል ገዝቶ በእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ሲሰቅል ጎረቤቱን ጠርቶ ማሳየት የከተማው ልማድ ነበር። እንግዶቹ መጠጣቸውን ይዘው ከሥዕሉ ፊት ይቆሙና ፏፏቴውን፣ የጥድ ዛፎቹን፣ በድልድዩ ላይ በአህያ የሚሻገረውን ሽማግሌ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ያደንቃሉ። ሩይኒያንግ ፏፏቴውን ዞር ብላም አታየው። ቀጥ ብላ ወደ ሥዕሉ ጠርዝ ትሄድና ሐሩን በአውራ ጣቷ አሸት አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት «ሦስት ቁራጭ ነው፤ ገጣጥመው የሰፉት ነው» ትላለች። ባለቤቱን መጠጡ ትን ይለዋል። እያደር የሚጠራት ሰው ቀነሰ፤ እሷም ግድ አልሰጣትም።

እውነቷን ነበር። በሰፈሩ የሽመና ዕቃ የሌለው ቤት የለም፤ ግን ሁሉም አንድ ሰው ተቀምጦ እጁ የሚደርስበትን ያህል ብቻ ስፋት ያለው ጨርቅ ነው የሚያወጣው። ትልቅ ተራራ ሊሥል የፈለገ ሠዓሊ ሁለት ሦስት ጠባብ ሐር ጎን ለጎን ያሰፋል። ተራራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ስፌቱ ከአናቱ እስከ እግሩ ይሰነጥቀዋል። ሰው ስለለመደው ቅር አይለውም። የሺን ቤት ብቻ፣ ማለትም የሩይኒያንግ የባሏ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚሸምንበት ሰፊ ዕቃ ነበረው። በቀኝ ያለው መወርወሪያውን በድሩ መሀል ይለቀዋል፣ በግራ ያለው ተቀብሎ ይመልሳል። ማጉን የሚጠቀጥቀውን ከባድ የእንጨት መምቻ ግን ሁለቱ እኩል ይዘው እኩል ይስባሉ። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከሳበ ሁለቱ እጆች በሚገናኙበት መሀል ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን መስመር ይወጣል። ሸማኔዎቹ «የአይጥ መንገድ» ይሉታል። የአይጥ መንገድ ባለበት ሐር ላይ ቀለም ሲያርፍ መስመሩን ተከትሎ ይሸሻል፤ ስለዚህ ሐሩ ከመጠቅለያነት ሌላ ለምንም አይበቃም።

በዚህ ምክንያት የሺን ቤት አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነበረው። ሰፊ ሐር የጀመሩ ሁለት ሸማኔዎች ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት። አንዱ ጠግቦ ሌላው ከተራበ፣ ወይም አንዱ ሥጋ ሌላው ጎመን በልቶ ከተቀመጠ፣ የእጃቸው ክብደት ይለያያል ብለው ያምናሉ። የሰፈሩ ሰው ይስቅባቸዋል። ሐራቸውን ሲያይ ግን ሳቁን ይውጣል።

ሩይኒያንግ በሙሽርነት እዚያ ቤት ስትገባ በሰፊው ዕቃ ላይ የሚቀመጡት ባሏ ቦዪና ታላቅ እህቱ ቺያዎ ነበሩ። ቺያዎን አባቷ በቀኙ መቀመጫ ያስቀመጣት ገና እግሯ መሬት ሳይደርስ ነበር። ያን ሰሞን ግን ከመንገዱ ማዶ ላለ ክር ነጋዴ ተድራ መውጣቷ ነበር፤ የቤቱን ሙያ ደግሞ የወጣች ሴት ልጅ ይዛው አትሄድም፣ ለገባችው ምራት ነው የሚሰጠው። አባትዬው ልጁን «ተነሽ» አላት፣ ምራቱን «ተቀመጪ» አላት። ሩይኒያንግ ስትቀመጥ መቀመጫው ገና ከቺያዎ ገላ ሙቀት አልበረደም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺያዎ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ፀጉራቸው ሁለቱም ሸብቶ እንኳ «ሙሽራዋ» ነው የምትላት፤ ቃሉን እንዴት አድርጋ እንደምትለው የሰማ ሰው ምርቃት አለመሆኑን ያውቃል።

ቦዪ በአንድ በጋ ንዳድ ይዞት በአጭር ጊዜ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ቺያዎ ነጭ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች፣ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ሩይኒያንግ ፊት ቆመች። «መቀመጫዬን ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ» አለቻት። «ወንድሜን ግን እንደ በሰበሰ ክር በጠስሽው።»

ሩይኒያንግ ቤቷ ስትገባ ሰፊውን ዕቃ በማቅ ሸፈነችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በመንገድ ሲተላለፉ አንዷ ወደ ግድግዳው፣ ሌላዋ ወደ ሰማዩ ያያሉ። ሩይኒያንግ እንደ ማንም ሰው በትንሽ ዕቃ ጠባብ ሐር እየሠራች መኖር ጀመረች። ሰፈርተኛው «የሺን ሰፊ ሐር ከሰውዬው ጋር ተቀበረ» ማለት ለመደ። ይህን በሰማች ቁጥር ቆሽቷ ያርር ነበር። የሚያሳርራት ደግሞ ሐሜቱ ራሱ አልነበረም፤ ውሸት ነው ብላ ልትመልስ አለመቻሏ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ የጸደይ ማለዳ ሠዓሊ ቶንግ በሯን አንኳኳ። ቶንግ ስሙ ብዙ ያልተሰማ፣ ኑሮውን ከከተማ ይልቅ በተራራ ላይ ያሳለፈ፣ ልብሱ ቀለም የሚሠራበት የጥድ ጥላሸት የሚሸት ቀጭን ሰው ነበር። ከከተማው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ያለው ገዳም እሳት ከበላው በኋላ እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ መነኮሳቱም ለአዲሱ አዳራሽ ከተማው ሁሉ የሚያየው አንድ ትልቅ ተራራ እንዲሥልላቸው ቶንግን ለምነውታል።

«እመት ሩይኒያንግ፣ ስፋቱ እጄን ዘርግቼ የምይዘው ያህል፣ ቁመቱ ከኔ የሚበልጥ ወጥ ሐር ፈልጌ ነው የመጣሁት» አላት። «ይኼን ተራራ ዕድሜዬን ሙሉ ስወጣውና ስወርደው ኖሬያለሁ። አሁን ልሥለው ነው። በመሀሉ ስፌት እንዲያልፍበት ግን ሆዴ እሺ አላለኝም።»

እውነቱን ነግራው ብትሸኘው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነገር ግን ደጃፉ ላይ አጃ ስታበጥር የነበረች ጎረቤት፣ ደግ ያደረገች መስሏት ጣልቃ ገባች። «ጌታዬ፣ ሰፊ ሐርማ ድሮ ቀረ፤ ባለቤቷ ካረፉ ወዲህ እዚህ ቤት አይሠራም» አለችው።

ሩይኒያንግ ደሟ ፈላ። «ማነው ድሮ ቀረ ያለው?» አለች። «የሺን ቤት ሰፊ ሐር ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ። ጌታዬ፣ ቅጠል ሳይረግፍ መጥተው ይውሰዱ።»

ሠዓሊው እጅ ነሥቶ ሄደ። በሩን ዘጋች። ምን እንዳደረገች ያኔ ነው የገባት። ሐሩን ካላደረሰች፣ ወይም ሠርታው የአይጥ መንገድ ከወጣበት፣ ቶንግ እንደ ሌላው ሰው ጠባብ ሐር አሰፍቶ ይሥላል፤ ከተማው ሁሉ በሚያልፍበት አዳራሽ ውስጥም ያ ስፌት የሺን ቤት መሞቱን ለትውልድ ሲመሰክር ይኖራል። ባሏም፣ አማቷም፣ የአማቷም አባት በሐራቸው እንጂ በሌላ ነገር የሚነሡ ሰዎች አልነበሩም። እሷም ብትሆን ሌላ ነገር የላትም።

ማቁን ገፈፈች፤ ዕቃውን ጠራረገች፤ ድሩን ወጠረች። ለቀኙ መቀመጫ መቼም ራሷ አለች፤ ለግራው የጎረቤቷን ምራት ለመነች። ልጅቷ ጠንካራ፣ ታዛዥ፣ የቀረበላትን ከድስቱ የምትበላ ጥሩ ልጅ ነበረች። አብረው ክንድ የሚያህል ሠሩና ሩይኒያንግ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። መሀል ለመሀል፣ ቁልጭ ብሎ፣ የአይጥ መንገድ ተዘርግቷል። ፈትተው እንደገና ሠሩ፤ እንደገና ወጣ። ልጅቷ አለቀሰች። ሩይኒያንግ አላለቀሰችም፤ መቀሱን አንሥታ ጨርቁን ቆረጠችው፤ ለልጅቷም ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ አንድ እጅ ሌላውን እጅ ለማወቅ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገረቻትና ሸኘቻት። የዚያን ዕቃ ምት ከሥሩ የሚያውቅ እጅ በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር የቀረው። እሱም ከመንገዱ ማዶ ነው።

መንገዱን ለመሻገር ግን ቀናት ፈጀባት። አንድ ቀን በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ ሌላ ቀን ወጥታ ጎመን ገዝታ ገባች። በሰፊው ዕቃ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ መምቻውን በአንድ ወገን እየሳበች ታዳምጠዋለች፤ ድምፁ የአንካሳ ሰው እርምጃ ይመስላል። በመጨረሻ ተነሣች።

ቺያዎ ባሏ ከሞተባት ቆይቷል። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቀሰም ላይ ክር ትጠቀልል ነበር። ጥላ ሲያርፍባት ቀና አላለችም።

«ድሩን ወጥሬዋለሁ» አለች ሩይኒያንግ።

«ሙሽራዋ ድር መወጠር ለመደች?»

«ሰው ቸግሮኝ ነው፣ እትዬ።»

«ቸገረኝ ትላለች እንዴ! የጎረቤትሽ ምራት አለችልሽ አይደል? ለአይጧ ጥሩ ጥርጊያ መንገድ ሠራችሁላት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሩይኒያንግ ይህን ስድብ ጠብቃው ነበር፤ መልስም አዘጋጅታ ነበር። ግን መልሱን ተወችው። «አዎ፣ ሠራንላት» አለች።

ቺያዎ ይኼን አልጠበቀችም። ክሩን አቁማ ቀና አለች። «የት ልታስቀምጪኝ ነው?»

«በቀኝ።»

«አንቺስ?»

«በቦዪ ቦታ» አለች ሩይኒያንግ።

ቺያዎ ቀሰሟን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች፤ ተነሥታም ቀሚሷን አራገፈች። «ለአባቴ ዕቃ ብዬ ነው» አለች። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«ለኔ ብለሽ ብትመጪማ አላስገባሽም ነበር።»

እንዲህ ተባብለው መንገዱን አብረው ተሻገሩ። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ አያቸው።

የግራው መቀመጫ የቦዪን ዳሌ ለምዶ ጎድጉዶ ነበር። ሩይኒያንግ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ስትቀመጥ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያልናፈቃትን ያህል ናፈቃት። ዕድሜዋን ሙሉ በቀኝ እጇ የለቀቀችውን መወርወሪያ አሁን በግራ መቀበል ሊኖርባት ነው። የመጀመሪያውን ሳትይዘው ቀረችና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቺያዎ ወርዳ አነሣችው፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋም መልሳ ወረወረችላት።

የድስቱም ነገር ሌላ መከራ ሆነ። ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሁለት ሴቶች፣ ሥርዓቱ ያዛልና፣ አንድ ድስት መሀላቸው አድርገው ፊት ለፊት መቀመጥ ነበረባቸው። ሩይኒያንግ ገንፎ ስታበስል ጨው አታበዛም፤ ቺያዎ ያለ ጨው አይወርድላትም።

«ይኼ ገንፎ ነው ማጣበቂያ?» አለች ቺያዎ በማንኪያዋ እያነሣች።

«የእጅሽን ክብደት ለማስተካከል ነው የሠራሁት። ዋጪው።»

ቺያዎ ዋጠችው። በማግስቱ እሷ አበሰለችና ሩይኒያንግ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትጠጣ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሳይነጋገሩ ጨውን መሀል ላይ አደረሱት።

ሐሩ ግን በቀላሉ አልታረቀም። ሠርተው ፈቱት፤ ሠርተው ፈቱት። ሩይኒያንግ መምቻውን ስትስብ የባሏን አሳሳብ ለማምጣት ትሞክር ነበር፤ ያ ረጋ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ለስለስ የሚል አሳሳቡ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቺያዎ ድንገት እጇን አቆመች።

«ቦዪን አትምሰዪ» አለቻት። «እሱ መጨረሻው ላይ የሚያላላው እኔን ለመጠበቅ ነበር፤ ታናሼ ቢሆንም ጉልበቱ ከኔ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ማንንም አትጠብቂም። እዚያ የተቀመጥሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እንደራስሽ ሳቢ።»

ሩይኒያንግ እንደራሷ ሳበች። ቺያዎ ደግሞ እንደራሷ ሳበች። ሁለቱም ጠንካሮች፣ ሁለቱም እልኸኞች ነበሩና ምቱ ከበድ ብሎ አንድ ሆኖ ወረደ። ጎረቤቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሺን ቤት የሚወጣው ድምፅ የአንድ ሰው ይመስል ነበር ይላሉ። ክር እንዳይደርቅና እንዳይበጠስ ወለሉን ውኃ እያርከፈከፉ፣ ሙቀቱ ሲበረታ እየዘጉ፣ ሲቀዘቅዝ እየከፈቱ በጋውን ጨረሱት። አልታረቁም። ሲነጋገሩ ስለ ክርና ስለ ጨው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቺያዎ የተበጠሰ ድር እየቋጠረች፣ ዓይኗን ከቋጠሮው ሳታነሣ፣ ወንድሟን የገደለው ንዳድ እንጂ ሌላ እንዳልነበር ተናገረች። ለክሩ የነገረችው ነበር የሚመስለው። ሩይኒያንግ ሰምታለች፤ ቀሰሙን ቀይራ መወርወሪያውን መለሰችላት።

ቅጠል መርገፍ ሳይጀምር ሐሩ ተቆረጠ። ሠዓሊ ቶንግ መጣና በብርሃን ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ። ከዚያ ጠቅልሎ፣ ቀለም እንዳይፈስበት ሙጫና ሸብ ሊቀባው እንደሚወስደው ብቻ ተናግሮ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። አንዲት የምስጋና ቃል ከአፉ አልወጣችም።

«አፉንም ሙጫ ቀብቶታል እንዴ?» አለች ቺያዎ ከኋላው እያየች።

ክረምቱን ሙሉ ከኮረብታው ወሬ ይጠብቁ ነበር። ሩይኒያንግ በገበያ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ የሐሩን ስፋት እጇን ዘርግታ እያሳየች፣ እንዲህ ያለ ወጥ ሐር በቢየንጂንግ ቤተ መንግሥት እንኳ እንደማይገኝ ታወራለች። ቤቷ ስትገባ ግን ትሰጋለች። ከገዳሙ የሚወርዱ መነኮሳት ሠዓሊው አንዳንድ ቀን ብሩሽ ሳይነካ ከሐሩ ፊት ተቀምጦ እንደሚውል አወሩ። ሸማኔ ይህን ሲሰማ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ሐሩ ላይ የሆነ ነገር አይቷል።

የጸደዩ የመቃብር ጠረጋ በዓል ሲደርስ አዳራሹ ተከፈተ። ከተማው የአያቶቹን መቃብር ጠርጎ፣ በዚያ በዓል እሳት አይነድምና ቀዝቃዛ ምግቡን ቋጥሮ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሩይኒያንግና ቺያዎም ወጡ። አብረው እንዳልመጡ ለማስመሰል አንዷ ትንሽ ቀደም፣ ሌላዋ ትንሽ ዘግየት ብትልም፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ጎን ለጎን ነበሩ።

ተራራው በግድግዳው ላይ ቆሟል። ከላይ አናቱ፣ ጥቁርና ግዙፍ፣ ሰውን ወደ ኋላ የሚገፋ። ከታች ቋጥኞች፣ ጥዶች፣ የአህዮች መስመር የሚያልፍበት መንገድ፣ ወንዝ። ይህ ሁሉ በአንድ ወጥ ሐር ላይ ነው፤ ስፌት የለበትም። በመሀሉ ግን፣ ከላይኛው ተራራና ከታችኛው ደን መካከል፣ ምንም የለም። ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። አንድ ጠብታ ቀለም እንኳ አልነካውም።

ሩይኒያንግ ነገሩ የገባት መሰላት። መሀሉ ነው፤ ሁለቱ እጆች የሚገናኙበት መስመር እዚያ ያልፋል፤ ከላይና ከታች ጥቁሩ ቋጥኝና ደኑ ሸፍኖታል። ቀለሙ አልያዘለትም፤ ሠዓሊው ሞክሮ፣ መስመሩ ላይ እንደሚሸሽ አይቶ፣ ቦታውን ዘሎታል ማለት ነው። ከተማው ሁሉ እያየ ነው። ዓመታት ስትፈራው የኖረችው ነገር እነሆ ገዳም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ደግሞም ስፌት ቢሆን ይሻል ነበር።

ቺያዎም ያንኑ አይታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ያንቺ እጅ ነው» አለች በጥርሷ መሀል። «በስተመጨረሻው ደክሞሽ ነበር፤ ሳላይሽ የቀረሁ መሰለሽ?»

«የኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ጨው ጠጥተሽ ስትንጠራሪ የነበርሽው?»

«እኔ በዚያ ዕቃ ላይ አንቺ ሳትወለጂ...»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፣ ሰውም መዞር ጀመረ። በዚህ መሀል ከፊታቸው የቆመች አንዲት አሮጊት፣ ጠቡን ፈጽሞ ሳትሰማ፣ ሥዕሉን እያየች የቀሚሷን አንገትጌ በሁለት እጇ ሳበችና አጠበቀችው። «ጉሙ እንዴት ይበርዳል» አለች ለልጇ። «እንደ ወጣን እንውረድ፤ መንገዱን ሳይሸፍነው።»

ሩይኒያንግ ጠቡን ተወችው። አሮጊቷ ወዴት እንደምታይ አየች። አሁን እሷም አየችው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥዕሉን ጠርዝ ትታ ሥዕሉን አየች። ባዶው ቦታ ባዶ አልነበረም። ጉም ነበር። ከሸለቆው ተነሥቶ ደኑን አልፎ የተራራውን ወገብ ይዞታል፤ ተራራው ያን ያህል ከፍ ያለው ጉሙ ስላነሣው ነው።

ሠዓሊ ቶንግ ከዓምዱ ጥግ ሆኖ ሲሰማቸው ቆይቷል። ቀረበና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«በመጀመሪያ ያሰብኩት ጉሙን በታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ላደርገው ነበር» አላቸው። «ሐር ባዶውን ሲታይ ያለበት እንከን ሁሉ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ሠዓሊ ሁሉ መሀሉን በቋጥኝ የሚሞላው። ያንን ሐር ግን ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ፈለግሁት። የምሸፍነው ነገር አጣሁበት። ስለዚህ ጉሙን ወደ መሀል አመጣሁትና ተውኩት። እዚያ ላይ እጄ የለበትም፣ እመቤቶቼ።»

ሁለቱ ሴቶች ሰውን እየገፉ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ፤ አፍንጫቸው ሐሩን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ጎንበስ አሉ። ሩይኒያንግ ከባሏ ጋር በሠራችው ሐር ሁሉ ላይ፣ ሌላ ሰው ፈጽሞ የማያያት፣ እሷ ግን የምታውቃት አንዲት ቦታ ነበረች፤ የሱ እጅ የሚያበቃባት፣ የሷ የሚጀምርባት። አሁንም ያችን ቦታ ፈለገች። ጉሙን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተከተለችው። አላገኘችም። ወደ ቺያዎ ዞር ስትል፣ ቺያዎም ጣቷን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለች ስትፈልግ ነበር፤ ጣቷ የሚያርፍበት አጥቶ ይንከራተታል።

ከኋላቸው ከሌላ አገር የመጣ የሚመስል ነጋዴ፣ ለጓደኛው፣ ይኼን ጉም በምን ዓይነት ቀለም ቢሥለው ነው እንዲህ የሆነው እያለ ይገረም ነበር።

ሩይኒያንግ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አገጯ ግን ወደ ላይ ነው። «ቀለም አይደለም፣ ወንድሜ» አለችው። «እኔና እትዬ ነን።»